ደጅ የቀረው ዱላ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለኖቡንቱ፤ ኬፕታውን።

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? በየክረምቱ የሚነሳብሽ የእጅሽ ቁርጥማት ዘንድሮ ማረሽ ወይስ እንዳምናው እያሸሽ ነው የምታድሪው? የምትሠሪበት የልብስ ንጽህና ቤት ሙቅ ውሃ አስገባ ወይስ ዛሬም በቀዝቃዛው ነው የምታጥቡት? ሳልሽስ ለቀቀሽ? እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ይሄን ጠይቅልኝ፣ ያንን ጠይቅልኝ ስለምትለኝ አንዱንም ሳትዘይ መልሽላት። ስምሽን ሳትጠራ ውላ አታውቅም። እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ጣሪያው አለ፣ የቀሩት በጎች አሉ፣ ጎመኑን ግን ውርጩ ጨርሶታል። ደህና ነን ብዬ ልለፈው ነበር፤ ሆኖም አንቺን ዋሽቼ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነገሩን እንደሆነው አድርጌ ልጽፍልሽ ተነስቻለሁ።

በአውቶቡሱ ሾፌር በኩል የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። "የመንግሥት ድጎማው ወጣልህ ወይስ አልወጣልህም? ዝም ካልከኝ ሞተሃል ብዬ ነው የማለቅሰው" ብለሻል። አልሞትኩም እትዬ። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። አሁን እማዬ ለዶሮዎቹ ጥሬ ልትበትን ወጣ ስላለች ሳትመለስ የልቤን ልንገርሽ።

አንቺ መጥተሽ ያየሽኝ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አላየሽም። የበግ ሸላቾቹን ቡድን የጫነው መኪና ተራራው ጥምዝ ላይ ሲገለበጥ የተሰባበረው ዳሌዬ እንደምንም ተገጣጥሟል። ቀኝ እግሬ ግን አጥሮ ቀርቷል፣ ክብደቴን አይሸከምም። ምርኩዝ ካልያዝኩ ወይም ግድግዳ ካልተደገፍኩ መሬት ነው የምቀበለው። የበግ ፀጉር ስሸልት ገበሬዎቹ "ሞንጌዚን ላኩልን" እያሉ በስሜ ይጠሩኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ዛሬ በጓ ራሷ መጥታ ፊቴ ብትተኛልኝ ጎንበስ ብዬ መነሳት አልችልም። እኔም፣ ባለቤቴ ታንዴካም፣ ልጄ ዚንትሌም የምንበላው ከእማዬ ጡረታ ነው። ሰው በዚህ ዕድሜው ከእናቱ ጉሮሮ ነጥቆ ሲበላ ምግቡ እንዴት እንደሚያንቅ አንቺ አታውቂውም፤ አትወቂውም። እማዬ ጥርስ የላትምና የተከካውን በቆሎ እያላመጠች ትቆይና "ጠገብኩ" ብላ ሳህኗን ወደ ዚንትሌ ትገፋዋለች። አለመጥገቧን ሁላችንም እናውቃለን። ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ድጎማ ላመልክት የተነሳሁት ለዚህ ነው። ሌላ ምኞት የለኝም፤ እማዬ የራሷን ሳህን ራሷ እንድትጨርስ ነው የምፈልገው።

ለምርመራ የተቀጠርኩ ቀን እማዬ የአባዬን ሱፍ ከሳጥን አወጣች። ታንዴካ በከሰል ካውያ ተኮሰችው፤ ጫማዬን ዚንትሌ እስኪያብለጨልጭ ቀባችው። እኔ "እማዬ፣ ታምሜ ነው እኮ የምሄደው" ብል "ታመምክ እንጂ ለማኝ ሆንክ? የመንግሥት ዶክተር ፊት የአባትህ ልጅ ሆነህ ቅረብ!" አለችኝ። ጎረቤታችን ፒንዲሌ፣ ያ አፉ የማያርፈው፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሲያየኝ "ሰርጉ የማን ነው? ሙሽሪትን ደብቃችኋት ነው?" ብሎ ሰው ሁሉ እንዲስቅብኝ አደረገ። እሱ ደረቱን ታሞ ለዚያው ምርመራ ነበር የሚሄደው። የለበሰው ሸሚዝ ድሮ ነጭ ነበር አሉ።

ሰልፉን አልነግርሽም፤ አንቺም ሰልፍ ታውቂያለሽ። በመጨረሻ ስሜ ተጠራ። የዶክተሩ ክፍል በር ላይ ስደርስ የአባዬን የወይራ ዱላ ከግድግዳው ጋር አስደግፌ አቆምኩና ገባሁ። እትዬ፣ አንቺ ራስሽ ምን ታደርጊ ነበር? በሰው ደጅ ደርሶ ዱላውን እንደያዘ የሚገባ ለጠብ የመጣ ነው፤ አባዬ ይሄን በኩርኩም ነው ያስተማረን። የበሩን መቃን ያዝኩ፣ ከመቃኑ የአልጋውን ጠርዝ፣ ከአልጋው የወንበሩን መደገፊያ ይዤ ተቀመጥኩ። ዶክተሩ ከወረቀቱ ቀና ያለው ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። የታጠበና የተተኮሰ ሰው ነው ያየው። የት እንደሚያመኝ ጠየቀኝ፣ እግሬን ጎተት ጎተት አደረገው፣ ጽፎ ጨረሰና በእጁ በሩን አሳየኝ። በአመጣጤ ተመለስኩ። ቀና አላለም እንጂ ቀና ቢል ያየኝ ነበር። ደጅ ስወጣ ዱላዬ ከሌሎች አራት አምስት ዱላዎች ጋር ቆሞ ጠበቀኝ። የሁላችንም እዚያው ነበር።

መልሱ ወራት ቆይቶ መጣ። ዚንትሌ ናት ያነበበችው። "ያለ ድጋፍ ይራመዳል፤ ሥራ መሥራት ይችላል" ይላል። እማዬ ልጅቷ የተሳሳተች መስሏት ደግማ አስነበበቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሌላ ሰው እንደምታይ ሁሉ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ውሸታም ያደረጉኝ ያኔ መሰለኝ። ፒንዲሌ ግን ተፈቀደለት፤ ያውም ለዕድሜ ልክ። ሊያጽናናኝ መጣና "ወንድሜ፣ አንተ እኮ መልክህ ነው የጎዳህ። ሰውነትህን አትታጠብ፣ ፂምህን አትላጭ፣ ደጅ ወጥተህ ደግሞ አትሳቅ። የሚስቅ ሰው ታሟል ብሎ የሚያምን መንግሥት የለም" አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ዙሪያዬን ቃኘሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲህ ሆኛለሁ እትዬ። ባልዲ ላነሳ እጄን ስዘረጋ መንገዱን አያለሁ። አንድ ቀን በጎቹ አጥሩን ጥሰው የሰው ማሳ ሲገቡ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። እንደምንም እየተንፏቀቅሁ ድንጋይ ልወረውር እችል ነበር፤ ግን የሚያየኝ ሰው ሄዶ "ሞንጌዚ በግ ሲያባርር አየሁት" ይላል ብዬ ፈራሁ። ታሞ መቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ተቀምጦ ሕመሙን እንደ ዘብ መጠበቅ ሌላ ነው።

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለሰው ምክር የምትሰጥ ኖማላ የምትባል ሴት አለች። ታንዴካ ናት ጎትታ የወሰደችኝ። ሴትየዋ ከቤት እንደወጣሁ ጀምሮ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ምን ለበስክ፣ በምን ሄድክ፣ ማን አስገባህ። "ዱላህስ?" አለች። "ደጅ አቆምኩት" አልኳት። የእኛው ሰው ናትና ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችና "ስንቱን ሽማግሌ በላብኝ ይሄ በር!" አለች። ይግባኙን ጻፈችልኝ። ስንለያይ "ስትጠራ ዱላህን ይዘህ ግባ። በአልጋም አልፈህ፣ በጠረጴዛም አልፈህ፣ ፊታቸው ድረስ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈልግብህም" አለችኝ። እኔም ማልኩላት። ከተማ ነው፣ ቢሮ ነው፣ የማያውቀኝ ሰው ፊት ነው፤ አባዬም ከመቃብሩ አያየኝም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከሆስፒታል የተዋስኩትን የብረት ክራንች ከመለስኩ ቆይቷል፤ ሌላ ብጠይቅ ወረፋ ያዝ ነው ያሉኝ። ያለኝ የአባዬ ዱላ ብቻ ነው።

ይግባኝ ሰሚዎቹ የሚመጡበት ቀን ሲነገር ነው ጉዴ የፈላው። የሩቁ ሰው እንዳይንገላታ ተብሎ ወደ እኛው ይመጣሉ ተባለ። የሚቀመጡት የት ነው? በባላባቱ ግቢ፣ በትልቁ አዳራሽ! ያንን በር አንቺ ታውቂዋለሽ። አጎታችን በዚያ ግቢ በስብሰባ መሃል በዱላ ተመትቶ ከሞተ ወዲህ ማንም ዱላ ይዞ አልገባበትም። ባላባቱ ደሙን ለማድረቅ በሩን ያስጠበቁት በአባዬ ነበር። አባዬ በዚህ በር ዱላ አይገባም ብሎ ቃል ገባና እስኪሞት ድረስ እዚያ በር ላይ ቆሞ የትልቁንም የትንሹንም ዱላ እየተቀበለ ያኖር ነበር። አሁን እኔ ልጁ፣ የሱን ሱፍ ለብሼ፣ የሱን ዱላ ይዤ በዚያው በር ልግባ?

ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። ባላባቱ ታመው ሰው ስለማያነጋግሩ የቀረብኩት አማካሪያቸው አያ ሶንዴዚ ፊት ነው። "አያ፣ ይሄ እኮ ምርኩዝ ነው" አልኳቸው። ዱላውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና "በአባትህ እጅ ዱላ ነበረ። በአንተ እጅ በምን ተአምር ምርኩዝ ሆነ?" አሉኝ። "እግሬ ነው አያ" ብል "እግርህን አይቻለሁ፣ ልቤም ያዝንልሃል። ግን ዛሬ ለአንተ ብፈቅድ ነገ ጎረምሳው ሁሉ እያነከሰ ይመጣብኛል። አጎትህን የገደለውም እኮ ሲገባ ያነክስ ነበር" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያነክስ ነበር። እሺ ሚስቴ ደግፋኝ ትግባ ብዬ የመንግሥቱን ጸሐፊ ባስጠይቅ ደግሞ "አመልካች ብቻውን ነው የሚገባው፤ ቤተሰብ ከገባ ያስመስላሉ" የሚል መልስ መጣ። በዚህ በኩል ስሄድ በር፣ በዚያ በኩል ስሄድ በር። ዱላ ይዤ ብገባ አባቴን አዋርዳለሁ፤ ትቼ ብገባ ጤነኛ ነህ እባላለሁ፤ ብቀር ደግሞ ይግባኜ ይዘጋና እማዬ ሳህኗን እንደገፋች ትኖራለች። ታንዴካ "ያዘውና ግባ! አባትህ ሞተዋል፣ እኛ ነን ያልሞትነው!" ብላ ጮኸችብኝ። እማዬ አልጮኸችም። "በገዛ ዱላው ቃሉን አታፍርስበት" ብቻ አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

በቀጠሮው ቀን ግቢው ሰው በሰው ሆኖ ነበር። ሴቶቹ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እማዬም ከነሱ ጋር ናት። ስሜ ሲጠራ ታንዴካ እስከ በሩ አደረሰችኝ። በሩ ጋ ቆምኩ። ከመቃኑ እስከ ጠረጴዛው ባዶ ሜዳ ነው፤ አልጋ የለ፣ ወንበር የለ፣ የሚያዝ ነገር የለ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዶክተሯና ሁለት ሰዎች ከሩቅ ጠረጴዛ ኋላ ናቸው። ይሄን እመኚኝ እትዬ፣ አስቀድሜ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ዱላውን አባዬ ሲያኖር እንደነበረው መቃኑ ጥግ አቆምኩት። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ወረድኩ። መዳፌን መሬት ላይ አድርጌ፣ ቀኝ እግሬን እየጎተትኩ፣ በአራት እግሬ ገባሁ።

የአዳራሹ ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ያውም የክረምት። እስከ ጠረጴዛው ድረስ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽና የሱሪዬን መፋተግ ብቻ ነው። ቀና ብዬ ሰው አላየሁም። የሽማግሌዎቹን ጫማ ግን አይቻለሁ፤ ሳልፍ እያንዳንዱ እግሩን ሰብሰብ ያደርግልኝ ነበር። ዶክተሯ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ወጣት ናት፤ የሌላ አገር ሰው ስለሆነች በአስተርጓሚ ነው የምትናገረው። "ለምን በእግርህ አልመጣህም?" አለችኝ። "ዱላዬ ደጅ ነው" አልኳት። "ለምን ደጅ ተውከው?" ስትል ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ሕፃን ልጅ ብቻ የሚጠይቀው ጥያቄ ነዋ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወረቀቴን አገላብጣ የፊተኛውን ዶክተር ጽሑፍ አነበበችና "ያኔም ደጅ ነበር?" አለች። አዎ አልኳት። "ታዲያ ለምን አልነገርከውም?" አለች። እኔ ምን ልበላት? ሰው ቤት ገብቼ፣ ዱላዬን ደጅህ ላይ አክብሬ አስቀምጬልሃለሁ ብዬ ለባለቤቱ ልኩራራበት? "አልጠየቀኝም" አልኳት። ወንበር አስመጣችልኝ። እግሬን ራሷ ተንበርክካ ነው ያየችው።

ይግባኙ ጸደቀልኝ እትዬ። ደስ ይበልሽ፤ ግን ቶሎ አይበልሽ። ለስድስት ወር ብቻ ነው። ዳሌዬ በቀዶ ጥገና ሊሻሻል ስለሚችል ከስድስት ወር በኋላ እንደ አዲስ አመልክቼ እንደገና እታያለሁ። ለቀዶ ጥገናው ተራ የያዝኩበት ሆስፒታል ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት አትምጣ ብሎኛል። ይሄን ለዶክተሯ ብነግራት አንገቷን አቀርቅራ "ሕጉ ነው" አለች። ለሷም አዘንኩላት፤ እሷም የራሷ በር አላት መሰለኝ።

ስወጣ ፒንዲሌ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ "አንተ! ይሄን ሁሉ ትወና የት ተደብቀህ ተማርከው? እኔ ባለመታጠቤ ስኮራ አንተ በአራት እግርህ በለጥከኝ!" አለ። እየሳቀ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን ከሱ ኋላ የቆሙት ሰዎችም ሲስቁ አየሁ። አሁን ምንጭ የሚወርዱት ልጆች ሲያዩኝ ይንበረከካሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ካደረግኩት ሁሉ እውነተኛው ነገር ያ ነበር፤ ለሰዉ ግን ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ እንደ ልማዴ ዱላውን ከግድግዳው ላስደግፍ ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። "ተው" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ዱላህን ይዘህ ግባ። እኔ ፈቅጃለሁ፤ አባትህንም እኔ እጠይቅልሃለሁ" አለችኝ። ማን እንደተናገረ ታውቂያለሽ አይደል? እማዬ ናት! ደፉ ላይ ቆምኩ። ልግባ ብዬ ሞከርኩ፤ እጄ እንቢ አለኝ እትዬ። ዱላውን አስደግፌ፣ ግድግዳውን ይዤ ገባሁ። እማዬ ከኋላዬ ቆማ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ዚንትሌ ግን "አያቴ፣ ገንዘቡ ሲመጣ ሳህንሽን አልቀበልሽም" አለቻት። የመጀመሪያው ክፍያ የሚመጣው ወር ነው፤ እስከ ገና እማዬ ትጠግባለች። ከገና በኋላ ያለውን እንዳላስብ ታንዴካ ከልክላኛለች፤ እኔ ግን ሌላ የማስበው የለኝም። ኖማላን ስጠይቃት በገናው ምርመራም የሚቀመጡት እዚያው አዳራሽ ነው አለችኝ።

እማዬ ከዶሮዎቹ ተመልሳለች፤ ምን እንደጻፍኩ ብትጠይቀኝ ሰላምታ ነው ብያታለሁ። እንግዲህ ሰላምታው ይኸው። ለባለቤትሽ ለአያ ሉቩዮ ወንድማዊ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የወደብ ሥራው እንዳይጎዳው ወገቡን ይጠብቅ። ልጅሽን አሉታን ሳሚልኝ፤ ዚንትሌ መጽሐፌን መልሺልኝ ብላታለች። ለአከራይሽ ለአሮጊቷ ሴትዮ፣ ሳል ይዞሽ ሳለ ሾርባ እየሠሩ ላጠጡሽ፣ እማዬ ስማቸውን ባታውቀውም በየጸሎቷ ታነሳቸዋለች። ታንዴካ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ተቆጥታ እንደነበር አትንገራት ብላኛለች። ፒንዲሌ ሳይቀር ሰላም በልልኝ ብሏል። እማዬ ደግሞ ሳልሽን ሳትነግሪኝ እንዳትቀሪ ትልሻለች።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ለገና በአውቶቡሱ ከምትልኪው ልብስ ውስጥ አንድ ሱሪ ጨምሪልኝ፤ አሮጌም ቢሆን ግድ የለኝም፣ ጉልበቱ ላይ ወፈር ያለ ይሁን። የአባዬ ሱፍ ሁለቱም ጉልበቱ ተበልቷል። ታንዴካ ጣፈችው፤ እማዬ ግን የተጣፈ ለብሰህ የመንግሥት ሰው ፊት አትቀርብም ብላለች።

የምወድሽ ወንድምሽ
ሞንጌዚ

ምቦሌኒ መንደር፣ ምሥራቅ ኬፕ
ጁን 22 ቀን 2003